ለደንበኞቻችን፦ ዊንዶውስ 7ን ለምን እንደተውነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመጪው መስከረም ጀምሮ ለዊንዶውስ 7ና ከሱ በፊት ለነበሩት፣ እንዲሁም ለባለ32 ቢት ስልኮች የሱቅ ሒሳብ ፕሮግራማችንን አዲስ አፕዴት እንደማናወጣ ካሳወቅን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። ለመጉላላታችሁ ይቅርታ። "ኮምፒውተር ሊያስገዙን ነው" ያላችሁን ግን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። እኛ ኮምፒውተር አንሸጥም፤ ሸጠንም አናውቅም። ይህ ቃል ከቆየ ደንበኛ ሲመጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

ሱቃችሁ ያለው፣ ስልካችሁ ላይ ያለውና ሰርቨር ላይ ያለው ፕሮግራማችን ሲታይ ሦስት ይመስላል። ከስር ግን አንድ ነው። ሒሳቡን የሚደምረው፣ የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልሰው፣ የመድኃኒት ስም በአማርኛ የሚፈልገው ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ የጋራ ላይብረሪ፣ ማለትም ሦስቱም የሚጋሩት ኮድ ነው። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ ደንበኞቻችን ጋ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ነበር። ሲን የመረጥኩት የትም ስለሚሠራ ነው፤ የትም ይሠራል ማለት ግን ሳይነኩት ይሠራል ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ገንዘባችሁን የምናስቀምጠው በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ነው። 0.10 ብርን ኮምፒውተር ነጥብ ባለው ቁጥር ሲይዘው፣ ውስጡ በ0ና በ1 ስለሚጻፍ ልክ 0.10 አድርጎ አይዘውማ። ታዲያ ሲ ውስጥ "ሎንግ" የሚባለው የቁጥር ዓይነት ባለ64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ላይ ባለ64 ቢትም ቢሆን 4 ባይት ነው። 4 ባይት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፤ በሳንቲም ሲታሰብ ከ21 ሚሊዮን ተኩል ብር ያንሳል። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ይህን በዓመት ውስጥ ሊያልፈው ይችላል። ያኔ ሰርቨር ላይ ልክ የሆነው ድምር ሱቁ ውስጥ ከዜሮ በታች ወርዶ ቁጭ ይላል። ይህ እንዳይሆን ስፋቱ በየትኛውም ሲስተም እኩል የሆነ ቁጥር ብቻ እንጠቀማለን፣ በየሲስተሙም ደጋግመን እንፈትሻለን።

አማርኛውም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ፊደላችን ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚይዝበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ 3 ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት 225 ነው። ያው ባይት አንድሮይድ ስልክ ላይ 225 ሆኖ ይነበባል፣ ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ግን ካልተጠነቀቁ -31 ይሆናል። አሞክሲሲሊን ብላችሁ ስትፈልጉ ስልኩ ያገኘውን ኮምፒውተሩ አጣሁት የሚለው በዚህ ነው። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለመድረሱ በአጋጣሚ አይደለም፤ የሰው ሌሊት አለበት። ጳጉሜ 2015 ላይ 6 ቀን ስትሆን ስልኩም ሱቁም ሰርቨሩም እኩል የቆጠሩት፣ ስሌቱ አንድ ቦታ ላይ ስለተጻፈ ነው። በዚህ እኮራለሁ።

ዊንዶውስ 7 ይህን አንድነት ነው የሚያፈርስብን። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ለመክፈት ብቻ ለዊንዶውስ የተለየ ኮድ መያዝ ግድ ሆኖብን ኖረናል። ዊንዶውስ 10 በፈረንጆቹ 2019 ከወጣው ስሪት ጀምሮ ፕሮግራሞች ዩቲኤፍ-8ን በቀጥታ እንዲጠቀሙ ስለፈቀደ ያ ሁሉ ኮድ ሊቀር ይችላል። ዊንዶውስ 7 ካለ ግን አይቀርም። ማይክሮሶፍት ራሱ በፈረንጆቹ ጥር 2020 መደበኛ ድጋፉን አቁሞለታል። የዱቤ መዝገባችሁን የያዘ ማሽን የደኅንነት ቀዳዳው ሳይደፈን ኢንተርኔት ላይ ሲውል እኔ እንቅልፍ የለኝም። ባለ32 ቢት አንድሮይድ ደግሞ ጊዜን በሰከንድ የሚቆጥርበት ቋት በፈረንጆቹ ጥር 19 ቀን 2038 ይሞላል። በእኛ የ2030 ጥምቀት ዕለት ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ። ሩቅ ይመስላል፤ የረጅም ጊዜ ብድር ለሚመዘግብ ሰው ግን ሩቅ አይደለም።

ስለ ወጪም ጠይቃችኋል። ለሰርቨርና ዊንዶውስ ፕሮግራማችንን እንዲያምነው ለሚያስፈልገው ዲጂታል ፊርማ የምንከፍለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ ዕቃ የምታስመጡት ታውቁታላችሁ። የዓመት ክፍያችሁን በዚያ ልክ አልጨመርንም። ከዚህ በላይ ለእያንዳንዱ አሮጌ ሲስተም ለብቻ መገንባትና መፈተሽ ስንጨምርበት አቅማችን አልቻለም። ያለን ልጆች ጥቂት ናቸው፣ ጎበዞችም ናቸው፤ ጊዜያቸው ለሁላችሁም በሚጠቅም ነገር ላይ እንዲውል እፈልጋለሁ።

አሁን ያላችሁ ፕሮግራም መስከረም ሲጠባ አይዘጋም፤ ይከፈታል፣ ይሸጣል፣ ሪፖርት ያወጣል። ዳታው የእናንተ ነው። ዊንዶውስ 7 ካለባቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ፕሮሰሰራቸው ባለ64 ቢት ስለሆነ ሳይጣሉ ሊኑክስ ሊጫንባቸው ይችላል፤ ላይብረሪው እዚያም ያው ነው። መጫኑንም ዳታ ማዛወሩንም ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን።

ወደ ሌላ ድርጅት ልትሄዱ የወሰናችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። መብታችሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን እባካችሁ አንድ ጊዜ ማሽኑን አምጡልንና አብረን እንየው። የማይመቻችሁ ከሆነ የማሽኑን ሞዴል በስልክ ንገሩን፣ ልጆቹ ሱቃችሁ ድረስ ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት