የቀለጠ ቅጠል የሞተ ተክል አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዲስ አበባ ውስጥ ካፌም ልግባ ክሊኒክ፣ አኳሪየም ካለ ዓይኔ ቀድሞ እዚያ ነው የሚያርፈው። ዓሣዎቹ ደህና ናቸው። ተክሉ ግን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ባለቤቶቹን ስጠይቅ «እውነተኛውን ሞክረነው ነበር፣ ወዲያው በሰበሰ» ይሉኛል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ከተማሪዎቼ ጋር ተክል የሞላበት አኳሪየም እንከባከባለን። በሰበሱ ለተባሉት ተክሎች ጥብቅና ልቆም ነው የምጽፈው።

ብዙዎቹ አልሞቱም ነበር። ለገበያ የሚቀርቡ የውኃ ተክሎች ብዙ ጊዜ የሚያድጉት ሥራቸው እርጥብ ቦታ፣ ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ነው። ያ ቅጠል በአብዛኛው ውኃ ውስጥ መኖር አይችልም። ሲነከር ይቀልጣል፤ ተክሉም በምትኩ ለውኃ የሚሆን አዲስ ቅጠል ያወጣል። ክሪፕቶኮሪን የሚባለውማ ቦታ ስለተቀየረበት ብቻ ቅጠሉን በሙሉ ሊያረግፍ ይችላል። ሰው ይህን ሲያይ ነቅሎ ይጥለዋል። ከመጣላችሁ በፊት ግን ሥሩን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት። ጠንከር ካለ በሕይወት አለ። የቀለጠውን ቅጠል በመቀስ ቁረጡና ተክሉን ተዉት።

አኑቢያስን ለብቻው ላንሳው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ ለጀማሪ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው። ያ ግንድ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። እኛ ጋ ተማሪዎቹ ጥቁር ድንጋይ ላይ አጋድመው በጥጥ ክር ያስሩታል። ክሩ ውሎ አድሮ ይበጠሳል፤ እስከዚያ ግን ሥሩ ድንጋዩን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ጃቫ ፈርንም እንደዚሁ ነው። ሻጩ ይህቺን አንዲት ነገር ቢናገር ስንት ተክል በተረፈ!

ሌላው ጥድፊያ ነው። ገንዳው ጠዋት ተገዝቶ ማታ ዓሣ ይገባበታል። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን፣ ዓሣን የሚጎዳውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ግን ገና አልተባዙም። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔ በዚህ ጊዜ ገንዳው ውስጥ ተክል ብቻ ይኑር ባይ ነኝ። ተክል አሞኒያውን ራሱን ይመገባል፣ ሥርም ይሰድዳል። ዓሣው ትንሽ ቆይቶ ቢመጣ ምን ይጎድላል?

መብራት በቀን በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል። ከዚያ በላይ የምታበሩት አልጌ ነው የሚቀልበው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥርም አታስቀምጡት። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ለአብዛኞቹ ተክሎች ይስማማል። ቅጠሉ ገረጣ ብሎ የእርሻ ዩሪያ ቆንጥሮ የሚጨምር ሰውም አጋጥሞኛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዩሪያ ውኃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ ዓሣውን ይፈጀዋል።

ሻጮችንም አንድ ነገር ልለምን። በአንድ ሱቅ ድራሴና ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ተነክሮ «የአኳሪየም ተክል» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ድራሴና የየብስ ተክል ነው። ይዋል ይደር እንጂ መበስበሱ አይቀርም። ገዢው ደግሞ «እኔ እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ ፕላስቲክ ይገዛል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚያመልጠውን አውቃለሁ። የእኛ ገንዳ መብራቱ በርቶ ትንሽ ሲቆይ ቫሊስኔሪያ ከሚባለው ተክል ቅጠል የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ትወጣለች። ትንሽ ተጣብቃ ትቆይና ተላቅቃ ወደ ላይ ትሄዳለች። ሌላዋ ትከተላታለች። ኦክስጅን ነው። ፎቶሲንተሲስን ከሰሌዳ ገልብጠው የማይገባቸው ልጆች እዚያ ጋ አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው ይገባቸዋል።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ተክሉን የት እንደሚጥለውም ያሳስበኛል። ወንዝና ቦይ ቅርብ ናቸው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው አምሮ ለኩሬ ጌጥ ስለተወሰደ ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና መታየቱ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከገንዳ የወጣ ተክል፣ ቁራጭ ቅጠልም ቢሆን፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅና አፈር ውስጥ ይቀበር። ሱቆችም ይህን ለገዢው ይንገሩልን፤ እምቦጭንም ለጌጥ ብሎ የሚጠይቃቸው ቢኖር አይሽጡለት።

የባዮሎጂ መምህር
ከአዲስ አበባ