ለስቴላሪስ ጀማሪ አባላት፦ ከ2200 ዓ.ም. ስትነሱ
ሰላም አባላት፣ ስቴላሪስ በጠፈር ላይ ግዛት የምትገነቡበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ 2200 ጨዋታው የሚጀምርበት ዓመት ነው።

ጨዋታው ቆሞ እያለ ሁለተኛ የምርምር መርከብ እዘዙ። ኮከቦችን በአንዷ ብቻ ስትቃኙ ጎረቤት ይቀድማችኋል።

አውትፖስት (ኮከብን የግዛታችሁ የሚያደርግ ጣቢያ) አሎይ (የመርከብና የጣቢያ መሥሪያ ብረት) ብቻ ሳይሆን ኢንፍሉዌንስም (የፖለቲካ ተጽዕኖ ነጥብ) ይበላል፤ ከድንበራችሁ በራቀ ቁጥር ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ብዙ የመርከብ መስመር የሚገናኝበትን ኮከብ ያዙና ድንበር ዝጉ። ከኋላው ያሉትን ቀስ ብላችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ።

ጀማሪን ቀድሞ የሚጥለው ግን ጦርነት ሳይሆን የኢነርጂ (የጨዋታው ገንዘብ) እጥረት ነው። እያንዳንዱ መርከብና ጣቢያ ወርሃዊ ወጪ አለው፤ ክምችቱ ሲያልቅ ምርትም የመርከብ አቅምም ይወርዳል። ከላይ ያለው ወርሃዊ ቁጥር ቀይ እንደሆነ ማዕድን በገበያ ሸጣችሁ ጊዜ ግዙ፤ በሸጣችሁ ቁጥር ዋጋው ስለሚወድቅ ግን ወዲያው የኢነርጂ ዲስትሪክት (ፕላኔት ላይ ኢነርጂ የሚያመርት ክፍል) ሥሩ።

የባሕር ኃይል ገደቡን (ያለ ተጨማሪ ወጪ የምትይዙትን የጦር መርከብ መጠን) ማለፍም ያው ወጪ ነው፣ ያውም ለማትዋጉበት ጦር!