የቤዝቦል ክበብ፦ ሰመር እስኪመጣ

የክበባችን ትልቁ ችግር ካላንደር ነው። እኛ በሴፕቴምበር ስንከፍት የቤዝቦል መደበኛ ውድድር ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የሚቀረው። በማርች መጨረሻ እንደገና ይጀምርና ገና ሞቅ ሲል እኛ በጁን እንዘጋለን። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል። የሰመር ዕረፍት ላይ ጨዋታ የሌለበት ቀን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እኛ ያለችን ግን ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ አንድ ሰዓት ናት።

እንዲያም ሆኖ ዘንድሮ ዕድል ቀናን። ኦክቶበር 25 ቀን 2024 ዓርብ ማታ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስና የኒው ዮርኩ ያንኪስ የዎርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር) የመጀመሪያ ጨዋታቸውን አደረጉ። በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሲል፣ 10ኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ፣ ያንኪስ 3 ለ 2 እየመራ ከዶጀርስ ሁለት ሰው አውት ወጣ፤ ሦስተኛው ቢወጣ ጨዋታው ያልቃል። ሦስቱም ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙበት ማዕዘን) በዶጀርስ ልጆች ተይዟል። ቁርጭምጭሚቱን የታመመው የዶጀርሱ ፍሬዲ ፍሪማን የመጀመሪያዋን ኳስ ተመልካቹ መሃል ሰደዳት። 6 ለ 3፣ አለቀ! በዎርልድ ሲሪስ ታሪክ ጨዋታን በግራንድ ስላም (ሦስቱም ቤዝ ተይዞ በአንድ ምት አራት ነጥብ) የጨረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። አንዷ እንደነገረችን፣ አባቷ ሳሎን ሲጮህ እሷም ከመኝታ ክፍሏ ጮኸች። እናት ሁለቱንም ያዘቻቸው።

ብርዱ ሲገባ ስኮር መመዝገብ ተማርን። እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ቁጥር አለው፤ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪው) 1፣ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ የሚቀበለው) 2 እያለ እስከ 9። ልምዱ ከገባህ ሜዳውን ሳታይ ከወረቀቱ ላይ ጨዋታውን መከተል ትችላለህ። የእኛ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ስም ሁሉ በፊደል ይጻፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲባሉ ሆዳቸውን የሚያማቸው ልጆች የዘጠኝ ተጫዋች ስም ያለ ጭቅጭቅ ጻፉ። ጭቅጭቁ የመጣው «ኤብራምስ» ነው ወይስ «አብራምስ» በሚለው ላይ ነው። ለአስተማሪ ከዚህ የተሻለ ጭቅጭቅ የለም።

እኔ ይህን ጨዋታ የያዝኩት በልጅነቴ ሜሪላንድ እንደመጣን ነው። የደረስነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ነበር። ጓደኛ የለ፣ ቋንቋ የለ፣ ቀኑ አይመሽም። ማታ ማታ ግን የባልቲሞሩ ቡድን ኦሪዮልስ አለ። ካል ሪፕከን የሚባለው ሰውዬ አንድም ጨዋታ አይቀርም። በሴፕቴምበር 1995 በተከታታይ 2,131ኛ ጨዋታውን ተጫውቶ የድሮውን የያንኪስ ተጫዋች የሉ ጌሪግን ሪከርድ ሰበረ። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አልነበረም። በየማታው ቦታው ላይ የሚገኝ ሰው መኖሩ ነው።

በኤፕሪል ከወላጆች ጋር ሆነን ዋሽንግተን ወረድን። 9ኛው ጎዳና ላይ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች የማያውቅ ልጅ የለንም። ከዚያ ጥቂት በእግር ሄድ ሲሉ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ቦታው ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። በ1940ዎቹ የጥቁሮች ሊግ ቡድን የሆነው ሆምስቴድ ግሬይስ እዚያ ይጫወት ነበር፤ ካቸሩም ጆሽ ጊብሰን። ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ገብቶ የነጮቹን ሊግ አጥር የሰበረው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ነው። ሦስት ወር እንኳን አልሞላም። የጥቁሮቹ ሊግ ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር የተደመረው በ2024 ሲሆን፣ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ የጥንቱን ኮከብ ታይ ከብን አልፎ በታሪክ አንደኛ ሆነ። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ «ታዲያ ጋሼ፣ ማን ነገረው?» አለኝ። መልስ አላገኘሁለትም።

ሜዳ ላይ ያደረግነውን ባሳጥረው ይሻላል። በቴኒስ ኳስ ተለማመድን፣ ተሸነፍን፣ ዝናብ ሁለት ቅዳሜ በላብን። ሁሌ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አባባ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉ ነበር። በሜይ ቀድመው መጥተው ወንበር መያዝ ጀመሩ። ትልቁ ሊግ ከ2023 ወዲህ ለፒቸሩ ኳሷን የሚወረውርበት ጊዜ በሰዓት ስለተገደበበት ጨዋታው ከሦስት ሰዓት በላይ የነበረው ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። እኔ አልወደድኩትም። በሰመር ዕረፍት ማን ቸኮለ?

የሰመሩ የቤት ሥራ ተሰጥቷል፤ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ በፊደል መዝግቦ በሴፕቴምበር ያመጣል። ስታዲየም፣ ቲቪ ወይም ሬዲዮ፣ የተመቸው ይምረጥ። ሌላው ጉዳይ ጓንት ነው። በግራ እጃቸው የሚወረውሩ ሦስት ልጆች አሉን፤ ለእነሱ የሚሆን ጓንት ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተቀዷል። ቤታችሁ ያለ ካለ ለቢሮ ስጡልን።