የካንሰር ደም ምርመራ፦ ከማሽኑ በፊት ስለ ናሙናው

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ካንሰርን «በአንድ ጠብታ ደም» ስለሚለየው ምርመራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። በጠብታ አይሆንም፤ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀዳል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም የተቀዳው ደም እንዴት እንደሚጓዝ ግን ጽሑፉ አላነሳም፤ ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ምርመራው የሚያነበው ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፈውን ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። ካንሰር ሲጀምር ዕጢን የሚገቱ ጂኖች መነሻ ላይ ምልክቱ ይበዛና ጂኖቹ ሥራ ያቆማሉ። ከሞቱ የዕጢ ሴሎች የወጣው ዲኤንኤ ተቆራርጦ ደም ውስጥ ይገባል፤ መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ባለሐምራዊ ክዳን ቱቦ ከተቀዳ ደም፣ ፕላዝማው (ሴል የሌለበት ፈሳሹ ክፍል) በ4 ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት። ካደረ፣ ወይም የአባይን በረሃ በሙቀትና በመንገጫገጭ ከተሻገረ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይፈነዱና የራሳቸውን ዲኤንኤ ያፈሱበታል። የዕጢው ምልክት ይዋጣል። ማሽኑ ስህተት አይልም፤ ናሙናው በቂ ዲኤንኤ እንዳለው የሚያሳየው መቆጣጠሪያ ጂን እንዲያውም አምሮ ይነበባል፣ ውጤቱም «ነጻ» ይሆናል። ደሙን እንዳለ በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝም ያው ነው፤ ሴሎቹን ያፈነዳል። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ሄፓሪን የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ፒሲአርን (ዲኤንኤውን አባዝቶ የሚያነበውን ሂደት) ያግዳል።

ፕላዝማውን ለመለየት መጀመሪያ ቱቦውን በሴንትሪፊውጅ በ1,600 ጂ (የመሬት ስበት 1,600 እጥፍ) 10 ደቂቃ ማሽከርከር፣ ከፕላዝማው በታች ያለውን የነጭ ደም ሴሎች ሽፋን ሳይነኩ ፕላዝማውን ማንሳት፣ ከዚያ በ16,000 ጂ 10 ደቂቃ ደግሞ ማሽከርከር ነው። ብዙዎቹ ሴንትሪፊውጆች የሚያሳዩት ዙር እንጂ ጂ አይደለም፤ የሮተሩ ራዲየስ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1,600 ጂ ማለት በደቂቃ 3,100 ዙር ገደማ ነው። ፕላዝማው ወዲያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይገባል። ሴሎችን ሳይፈነዱ ለቀናት የሚያቆዩ ልዩ ቱቦዎችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን፣ ጋለሪ የተባለው የብዙ ካንሰሮች ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት በአንደኛ ደረጃ ላይ ካሉት የለየው 16.8 በመቶውን ብቻ ነው። አራተኛ ደረጃ ላይ 90.1 በመቶ ደርሷል፤ ያኔ ግን «ቀድሞ መለየት» አይባልም።

ለጎጃም ይበልጥ የሚሆነው የማህፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራ ነው። ኤችፒቪ (ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ከተገኘባቸው ሴቶች በአብዛኞቹ ቫይረሱ በራሱ ይጠፋል። ኤፍኤኤም19ኤ4 እና ሚአር124-2 በተባሉት ጂኖች ላይ ሜቲል መብዛቱ ግን ሕክምና የምትፈልገውን ሴት ለመለየት ያግዛል። ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ከብልቷ በብሩሽ ልትወስደው ትችላለች፤ ሴሉም ብዙ ስለሆነ የ4 ሰዓቱ ሩጫ የለም። በጀት ካለ ከዚህ ይጀመር።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ