እቱ፣ ስለ ማሙሽ ዓይን

ውድ እቱ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጠፋሽ ብለሽ እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ። ብደውል መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ማሙሽ ነው፤ እሱ ደግሞ በስልክ አልወጣልሽ አለኝ።

ማሙሽ የዓይን ካንሰር ተገኘበት። ሬቲኖብላስቶማ ይባላል፤ በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዝ ነው። አትደንግጪ፣ ልጁ አሁንም ቤቱን እያመሰው ነው። የታወቀው በልደቱ ፎቶ ነው። በፍላሹ የሌሎቹ ልጆች ብሌን ቀላ ብሎ ሲወጣ፣ የሱ ግራ ዓይን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ አበራ። ሲመረመር በቀኙም ትንንሽ ዕጢዎች አሉ።

በሁለቱም ዓይን ሲወጣ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ተባልን። አማቴ ይሄን ሲሰሙ የእኔን ዘር ማንዘር መቁጠር ጀመሩልሽ! ሐኪሟ ግን ብዙውን ጊዜ ወላጅ ላይ ሳይኖር ልጁ ላይ አዲስ የሚጀምር የጂን ለውጥ ነው ብላ ገላገለችኝ። ታናሽ እህቱም ትመረመራለች።

የጨረር ሕክምናን የምንሸሸውም በዚሁ የተነሳ ነው። ይሄ ጂን የተበላሸበት ልጅ ጨረር ከተደረገለት፣ ሲያድግ ሌላ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። የፊቱ አጥንትም እድገቱ ይጎዳል። ስለዚህ በኬሞ ጀመርን። ካርቦፕላቲን፣ ቪንክሪስቲንና ኢቶፖሳይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ኬሞው ዕጢውን ያሳንሰዋል፤ የቀረውን በሌዘር ያቃጥሉታል ወይ በቅዝቃዜ ይገድሉታል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ተነስቶ ዓይን ድረስ መድኃኒት የሚያደርስ ሕክምና አለ እያለ ሌሊት ሌሊት ይደውልልኛል። እውነቱን ነው፣ አለ። እኔ ግን የተጀመረውን አላቋርጥም።

የሚከብደኝ የምርመራው ቀን ነው። በማደንዘዣ ስለሚታይ ከሌሊት ጀምሮ ምግብ አይቀምስም። ኮሪደሩ ላይ አንዱ ሳንቡሳ ሲያወጣ ማሙሽ እጁን ዘርግቶ «ስጠኝ!» ይላል። ሰውዬው አፍሮ ሳንቡሳውን ኪሱ ከተተው። ዘይቱ በሱሪው ሲወርድ እያየሁ፣ በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቄ መጣ።

ግራ ዓይኑ ገና አልለየለትም። ሐኪሟ ቅደም ተከተሉን ነግራኛለች፦ መጀመሪያ ነፍሱ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ ከዚያ እይታው። ዓይኑ ይወጣል ሲባሉ ልጃቸውን ታቅፈው የጠፉ እናቶች አሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ካንሰሩ በዓይን ነርቭ ወደ አንጎል ከተሻገረ ማን ይመልሰዋል? እስከሚቻለው ዓይኑን እናድናለን፤ ካልሆነ ይውጣ፣ ሰው ሠራሽ ይደረግለታል። እማዬ ጸበል አለች፣ እሺ አልኳት። የኬሞው ቀን ግን አያልፍም።

የአንቺም ትንሿ ልጅ ፎቶ ላይ ዓይኗ ነጭ ሆኖ ከወጣ ወይም ሸውረር ካለባት፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል የሚልሽን አትስሚ። በቶሎ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የሚቀጥለው ኬሞ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ጥቁር አንበሳ። ቀኑን ስሰማ እጽፍልሻለሁ። ቤት ልጅ የሚይዝልኝ አለ፤ ኮሪደሩ ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ነው ያጣሁት። ከቻልሽ ነይልኝ። ፒያሳ ብዙው ፈርሷልና በድሮው ምልክት እንዳትፈልጊኝ፤ አራት ኪሎ ስትደርሺ ደውይ፣ ወጥቼ እቀበልሻለሁ።

ያንቺው