ግልጽ ደብዳቤ፦ ጠበቃችን ከጣቢያው በር ለምን ተመለሰ?

ይድረስ ለተከበሩ የፖሊስ ኃላፊ
ደሴ

ስለ ታናሽ ወንድሜ አያያዝ በጽሑፍ ያስገባሁት አቤቱታ በመዝገብ ቤትዎ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተምም አርፎበት እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኘ፣ ከእንግዲህ የምጽፍልዎትን ሌላውም ሰው ቢያነበው ይሻላል ብያለሁ። የእርስዎንም የጣቢያውንም ስም እዚህ አልጠራሁም፤ ሁለቱም እጅዎ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፈዋል፣ ወረቀቱ ካልጠፋ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ሲሆን የተያዘውም ዕቃ ጎድሏል ተብሎ ነው። መጠርጠሩን አልተቃወምኩም፤ ዕቃ ሲጎድል የመጋዘን ሠራተኛ መጠየቁ አይቀርም። አቤት ያልኩት ጠበቃ ከቀጠርን በኋላ ስለተደረገው ነው። እህታችን የዕቁቡን ሰብሳቢ ለምና ዕጣዋን ቀድማ ወሰደች፣ ገንዘቡም ለጠበቃው የቅድሚያ ክፍያ ሆነ። ጠበቃው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ጣቢያው ሲደርስ «ውክልና ሳትይዝ አትገባም» ተባለ። ውክልና የሚሰጠው የታሰረው ሰው ነው። እርሱ እንዲፈርም ደግሞ ጣቢያው ወደ ሰነድ አረጋጋጩ አጅቦ ሊወስደው፣ ያለዚያም ደብዳቤ ሊጽፍለት ይገባ ነበር፤ ሁለቱንም እምቢ አለ። እንግዲህ ጠበቃው ያለ ውክልና አይገባም፣ ወንድሜም ሳይወጣ ውክልና አይፈርምም ማለት ነው።

ጠበቃው በር ላይ ቆሞ ሲከራከር የወንድሜ ሚስት ምሳ ዕቃዋን አስፈትሻ ገባች፤ በዚያው ሰዓት ወንድሜ ውስጥ መርማሪው ፊት ተቀምጦ ቃሉን ይሰጥ ነበር። ይህንን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 61፣ ተይዞም ሆነ በጊዜ ቀጠሮ የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን እንዲጠራና እንዲያነጋግር ይፈቀድለታል ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረን ሰው ሊጎበኙት የሚችሉትን ሲዘረዝር የትዳር ጓደኛን፣ የሃይማኖት አማካሪን፣ ሐኪምንና የሕግ አማካሪን አንድ ላይ ጠርቷቸዋል። ሚስቱ የጋብቻ ወረቀት አልተጠየቀችም፤ ሸኽም ሆነ ቄስ ቢመጣ ውክልና ይጠየቃል ብዬ አላስብም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መርማሪው ለእናታችን የነገራት ነው። «ንጹሕ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል? እናንተው ናችሁ ነገሩን ያከበዳችሁበት» አላት። እናታችን አምናው ጠበቃውን እንድናሰናብት ለመነችን፤ ቤት ውስጥ የተነሳው ጭቅጭቅ ቀናት ወሰደ፣ እህቴም የዕቁብ ገንዘቧን ወንድሟን ለማሰር ያወጣች ይመስል አንገቷን ደፋች። የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ መርማሪ ሕግ የሰጠንን መብት ወንጀል አስመስሎ ለአንዲት አሮጊት እንዲያስረዳ ማን ፈቀደለት? ወይስ ይህም የምርመራ ዘዴ ነው?

ጠበቃውና ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ወንድሜ በካቴና ሆኖ፣ አጃቢው በመካከላቸው ቆሞ ነው። ከዚያም ችሎት ገቡ፤ መርማሪው 14 ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፣ ተፈቀደለትም። ዛሬ ወንድሜ በዋስ ወጥቷል፤ ለዳኛው ምስጋና ይድረሰው። ያለ ጠበቃ የሰጠው ቃል ግን አሁንም መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ክስ ከቀረበበትም የሚነበበው እርሱ ነው።

ቢሮዎ መጥቼ በቃል ስነግርዎ «ጠበቃ ቀድሞ ከገባ ምርመራ ይበላሻል» ብለውኛል። ምርመራው የሚበላሸው ተጠርጣሪው ዝም የማለት መብት እንዳለው ስለሚሰማ ከሆነ፣ ይህንን መብት መጀመሪያ ሊነግረው የሚገባው መርማሪው ራሱ ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይህንኑ ያዛል።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ጣቢያው ጠበቃውን የመለሰው በሕግ ነው የሚሉ ከሆነ፣ ከታሰረ ደንበኛው ጋር ሊነጋገር የመጣ ጠበቃ ከበር እንዲመለስ የሚፈቅደውን አንቀጽ ቁጥሩን ጠቅሰው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው በጽሑፍ ይስጡኝ። ለጠበቃችን አስረክበዋለሁ፤ እርሱም ከአቤቱታዬ ግልባጭ ጋር ለፍርድ ቤቱ ያቀርበዋል።

ከአክብሮት ጋር
የታሳሪው ታላቅ ወንድም