ለውድ ደንበኞቻችን፦ የትሮምሶው የሁለት ሌሊት ጉዞ ለምን ቀረ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? የሰሜኑን ብርሃን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት በሰሜን ኖርዌይ ወዳለችው ትሮምሶ እናደርገው የነበረው የቅዳሜና እሑድ ጉዞ መቅረቱን፣ በምትኩ የምናዘጋጀው ጉዞ አራት ሌሊት መሆኑንና ዋጋውም መጨመሩን ካሳወቅን ወዲህ ብዙ ቅሬታ ደርሶናል። ዜናው በአጭር የስልክ መልእክት ብቻ ስለደረሳችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ውሳኔው ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። አንድ የቆዩ ደንበኛችን «የአገር ልጅ ብለን ብንመጣ አንተም እንደ ሌላው ነጋዴ ሆንክብን» ብለው የጻፉልኝን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህ ሥራ የተጀመረው በእንግዳ ነው። ኦስሎ ውስጥ ታክሲ በምነዳበት ዘመን ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ዘመድ የመጣለት ሁሉ «እባክህ የሰሜኑን ብርሃን አሳይልኝ» ይለኝ ነበር። ባለቤቴ ሻይ በፔርሙስ ትሞላለች፣ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች፤ እኔ ትሮምሶ ላይ ሚኒባስ ተከራይቼ እነዳለሁ። ማስታወቂያ አውጥተን አናውቅም፤ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ፣ በአፍ በአፍ። ሁሉም ሠራተኛ ስለነበረ ዓርብ ማታ ሄዶ እሑድ መመለስ ነበረበት። የሁለት ሌሊቱ ጉዞ የተወለደው ከእኛ የሥራ ሰዓት እንጂ ከትሮምሶ ሰማይ ጠባይ አይደለም።

እስቲ አብረን እናስላው። ትሮምሶ ባቡር አይደርስም፤ በመኪና ከኦስሎ መሄድም ለሁለት ቀን ዕረፍት የሚታሰብ አይደለም። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ነገር ግን ዓርብ ማታ አርፈን፣ ሻንጣ አስቀምጠን፣ ወፍራሙን ልብስ ለብሰን እስክንወጣ ሌሊቱ ይጋመሳል። እሑድ ደግሞ መመለሻ ነው። የቀረችን ቅዳሜ ብቻ! በዚያ ላይ ዓርብ ዕለት የበረዶ ማዕበል ተነሥቶ በረራው ከዘገየ፣ የከፈላችሁበት ጉዞ የሆቴል ቁርስ በልቶ መመለስ ሆነ ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብርሃኑን የሚያመጣው ከፀሐይ የሚነሣው ኃይል ነውና፣ «ፀሐይ በእነዚህ ዓመታት ኃይለኛ ስለሆነች አንድ ሌሊት ይበቃል» ያላችሁም አላችሁ። ትሮምሶ ብርሃኑ በሚያዘወትረው ቀበቶ ሥር ያለች ከተማ ስለሆነች የሚቸግረን የፀሐይ ጉልበት ማነስ አይደለም፤ የሚቸግረን ደመና ነው። ብርሃኑ የሚታየው ከመቶ ኪሎ ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ሲሆን ደመናው ከሥሩ ነው። በሜይ 2024 ያ ትልቅ የፀሐይ ማዕበል በመጣ ጊዜ ጣሊያን ድረስ ሰው ሰማዩን ሲያደንቅ አድሯል፤ ትሮምሶ ግን በዚያ ወቅት ሌሊቱ ራሱ ብሩህ ነውና ለማየት የሚመች ጨለማ አልነበራትም። ሰማዩ ካልፈቀደ ጉልበት ብቻውን ምንም አያደርግም።

ደመናው ከባሕሩ ሲመጣ የምናደርገው ሽሽት ነው። የሊንገን ተራሮች እርጥበቱን ስለሚያስቀሩት ከጀርባቸው ያለው የሺቦትን ሸለቆ ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል፤ እዚያም ካልሆነ ወደ ፊንላንድ ድንበር፣ ወደ ኪልፒስያርቪ እንቀጥላለን። መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት አልፎ ይሄዳል። (ፓስፖርታችሁን ሆቴል አትተዉ፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው።) በከተማው ውስጥ ባሕሩ ስለሚያሞቀው የጃንዋሪ ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች ሦስት አራት ዲግሪ ነው፤ «ኦስሎ ይብሳል» እያሉ የቀለዱብኝ ሰዎች ድንበሩ አጠገብ ከዜሮ በታች ሃያ ሲገጥማቸው ከመኪናው አንወርድም ብለዋል።

አንዲት እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። በወፍራሙ ቱታ ላይ ነጠላቸውን ደርበው ሺቦትን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሙ። ከተራራው በላይ ፈዘዝ ያለ ነገር ተዘረጋ። «ይሄማ ጭስ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ብርሃኑ ሲደክም ለዓይን ግራጫ ይመስላል፣ ካሜራ ግን አረንጓዴውን ያወጣዋል፤ ስልኬን ከብብቴ አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። «እንግዲያው ስልክህ አየ፤ እኔ አላየሁም» አሉ። ወዲያው ደመናው ሸፈነው፤ በማግስቱ በረራ ነበረን። ሰኞ ሌሊት ያው ብርሃን ከሆቴሉ ደጅ እንኳ ታየ። ልጃቸው ብዙ ከፍሎ ነበር፣ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ትሮምሶ እኔ እንደጀመርኩበት ጊዜ አይደለችም፤ ዛሬ በብርዱ ወራት ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ቀጥታ በረራ አላት፤ የሆቴል ዋጋም አብሮ ወጥቷል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ክፍሉን ከዓመት በፊት ጠቅልለው ይይዛሉ፤ እኛ ቀብዳችሁን ሰብስበን እስክንደርስ የሚቀርልን ውድ ውዱ ነው። ባለ ምስማር ጎማ ሚኒባስ፣ ነዳጅ፣ የሌሊት ሹፌር ደመወዝ፣ ሕጉ የሚያዝዘው የሹፌር ዕረፍት፣ ሁሉም ይከፈላል። ቅናሽ ለማድረግ ሹፌሩን ሳያርፍ በበረዶ መንገድ ላይ ማስነዳት ይቻል ነበር። የእናንተን ልጆች ጭኜ ያን አላደርግም።

የገናው ሳምንት ለምን እንደቀረም ተጠይቄአለሁ። እዚያ ከኅዳር 18 እስከ ጥር 7 ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ ቀትር ላይ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ወገግታ ይኖራል እንጂ። ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም ብዙዎቻችሁ ጾመኞች ናችሁ፣ የዚያ አገር ማዕድ ደግሞ የአጋዘን ሾርባ ነው። ልጆችም በጨለማው ይከፋቸዋል። አሁን የምንሄደው ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥር 13፣ በእነሱ ጃንዋሪ 21፣ ከተማው የፀሐይን መመለስ በጃም በተሞላ ቦምቦሊኖ ያከብራል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ በፍጥነት ይረዝማል፣ ሌሊቱም ገና ጨለማ ነው። ቀን በኬብል መኪና ከከተማው በላይ ወዳለው የስቱርስታይነን ተራራ፣ 421 ሜትር ላይ፣ መውጣት፣ በ1965 የተሠራውን የአርክቲክ ካቴድራል ማየት ይቻላል። ሌሊት ያልተሳካለት ሰው ቀኑ እንዲክሰው ፈልጌ ነው።

ቀብድ የከፈላችሁ ሁሉ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ብታሳውቁን ገንዘባችሁ ሳይቆረጥ ይመለሳል። አራት ሌሊቱ የሚከብዳችሁ በሦስት ጊዜ ክፍያ መጨረስ ትችላላችሁ። ከዚህ በፊት አብረውን ለሄዱ ቤተሰቦች የወፍራሙን ልብስና የበረዶ ጫማውን ኪራይ እኛ እንችላለን። ወደ ሌላ ድርጅት ለመሄድ የወሰናችሁም መብታችሁ ነው፤ ግን ለዚህ አንድ የበረዶ ወራት ብቻ ታገሡንና ሞክሩት ብዬ እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ስም ዝርዝር ተከፍቷል፤ ከሕፃናት ጋር የምትመጡ ዕድሜያቸውን አብራችሁ ጻፉልን፣ የመኪና ወንበራቸውን ቀድመን መያዝ አለብን።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት፣ ኦስሎ